የጣልኳት ናሙና

በቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር ዓመታዊ የመገናኛ ቀን፣ አራት ኪሎ ካምፓስ የተደረገ ንግግር። ለዚህ መጽሔት ሲዘጋጅ በመጠኑ ታርሟል።



በቅድሚያ ከያለንበት ሰብስቦ ለዚህ ቀን ያበቃንን አምላክ፣ ቀጥሎም ወራት ሙሉ የደከመውን አዘጋጅ ኮሚቴ አመሰግናለሁ። ዛሬ ጠዋት የሕሊና ጸሎት ያደረግንላቸውን ጓደኞቻችንን ነፍስ ይማርልን።

ኮሚቴው ስለ ሥራ ሕይወቴ እንድናገር ሲጠይቀኝ የሰጠኝ መመሪያ አጭር ነበር። «ሱፐር ኮምፒዩተርና ሰው ሠራሽ አስተውሎት ለሕክምና ምርምር እንዴት እንደሚውሉ ንገረን፤ አታስረዝመው፤ ተማሪዎቹንም አበረታታልን» አሉኝ። የመጨረሻው አስጨነቀኝ። ሽልማትና ማዕረግ ልቁጠር ብል፣ እዚህ ካላችሁት ግማሾቻችሁ በዶርም ታውቁኛላችሁና አታምኑኝም። ስለዚህ በሥራ ዘመኔ ከሁሉ በላይ ያስተማረኝን አንድ ስህተት ልነግራችሁ መረጥኩ። የሠራሁት እኔው ነኝ፤ ማንንም አላማበትም።

ነገሩ የሚጀምረው ከዚሁ ግቢ ነው። በ1978 ዓ.ም. ሳይንስ ፋኩልቲ ስንገባ ለአብዛኞቻችን ኮምፒዩተር ማለት በፊልም የሚታይ ዕቃ ነበር። ከደሴ ለመጣሁት ለእኔማ አሳንሰርም ብርቅ ነው። ፎርትራን የተማርነው በአብዛኛው በወረቀት ነበር። ፕሮግራሙን በእርሳስ እንጽፋለን፣ እርስ በርስ እንተራረማለን፣ ከዚያ ተራችን ደርሶ ማሽኑ ፊት ስንቀመጥ አንዲት ኮማ ትጎድልና ሁሉም ነገር ይቆማል። መብራት ከጠፋማ በቃ፣ ወደ ላውንጅ ነው። በኋላ ውጭ አገር ስሄድ ይህ አማራሪ የነበረው ነገር እንደጠቀመኝ ገባኝ። መጀመሪያ በወረቀት ላይ ማሰብ የለመደ ሰው ማሽኑን እየነካካ አይገምትም።

ከዚያ ዘመን ግን ከሁሉ የማስታውሰው የሁለተኛ ዓመት የፊዚክስ ላብራቶሪ ነው። በክር ላይ የተንጠለጠለ ብረት እያወዛወዝን የመሬት ስበትን የምንለካበት ሙከራ ነበር፤ ሁላችሁም ሠርታችሁታል። የክሩን ርዝመት አሥር ጊዜ እየለዋወጥኩ ለካሁ። ዘጠኙ ነጥቦች ቀጥ ያለ መስመር ላይ ተሰለፉ፤ አሥረኛዋ አፈንግጣ ቀረች። እኔም ምንም ሳልል ተውኳትና በዘጠኙ ግራፉን አሳምሬ ሣልኩት።

መምህራችን ደብተሬን ገለጥ አድርገው ሰንጠረዡ ላይ አሥር፣ ግራፉ ላይ ዘጠኝ ቆጠሩ።

«አሥረኛዋ የት ሄደች?» አሉኝ።

«ስህተት ናት መሰለኝ፣ ዶክተር።»

«መሰለኝ? ሰዓቱን ስትይዝ ነው የተሳሳትከው? ክሩን ስትለካ ነው? ወይስ ስለማታምር ነው?»

መልስ አልነበረኝም። ግማሽ ማርክ ቀነሱብኝና እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ መጣሉን ጣል። ግን ለምን እንደጣልክ ጻፍ። ካልጻፍክ ጣልክ አይባልም፤ ደበቅክ ነው የሚባለው።»

እውነቱን ለመናገር፣ እኔ በወቅቱ ያሳሰበኝ ግማሿ ማርክ ነበረች።

ከተመረቅሁ በኋላ ጥቂት አስተምሬ ለትምህርት ወደ አሜሪካ ሄድኩ። ከዚህ በኋላ ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምናገረው፤ እየቀነሳችሁ ስሙኝ።

ዶክትሬቴን የሠራሁት አንድን ትልቅ ስሌት ለብዙ ፕሮሰሰሮች አከፋፍሎ በአንድ ጊዜ በማሠራት ላይ ነው። ለእኛ አገር ሰው ይህን ለማስረዳት ደቦ ማለት ይበቃል። አንድ ሰው ወር የሚፈጅበትን አጨዳ ሠላሳ ሰው በአንድ ቀን ይጨርሰዋል። ይጨርሰዋል ይባላል እንጂ አይጨርሰውም። አንዱ አርፍዶ ይመጣል፤ አንዱ ድንጋያማው ማሳ ይደርሰዋል፤ ሁለቱ ድንበር ላይ ቆመው ወሬ ይይዛሉ። የመጨረሻው ሰው ሳይጨርስ ደግሞ ጠላው አይቀርብም። የእኔ ዶክትሬት ባጭሩ ጠላው ቶሎ የሚቀርብበትን መንገድ መፈለግ ነበር፤ ሥራውን በእኩል ማካፈል፣ ወሬውን መቀነስ፣ የዘገየውን ማገዝ። ዛሬ የምትሰሟቸው ትልልቅ ሱፐር ኮምፒዩተሮች ሁሉ፣ ዕቃው ይለወጥ እንጂ ነገራቸው ይኸው ደቦ ነው።

ወደ ሕክምና የሳበኝ የሰው ልጅ የጂኖም ፕሮጀክት ነው። በ1990 ተጀምሮ በ2003 ተጠናቀቀ ሲባል፣ ሦስት ቢሊዮን ያህል ፊደል ያለው የዲ.ኤን.ኤ ጽሑፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ተነበበ። ያኔ አሥራ ሦስት ዓመት የፈጀው ንባብ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በቀናት የሚያልቅ ሆነ። ፊደሉ እንደ ጎርፍ መጣ፤ ፊደሉን አገላብጦ ትርጉም የሚያወጣለት ግን ጠፋ። ስለዚህ ባዮሎጂስቶቹ እንደ እኔ ያለውን የስሌት ሰው መፈለግ ጀመሩ፤ እኔም በአንድ የሕክምና ምርምር ማዕከል ተቀጠርኩ።

የመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ፕሮግራማቸውን አርባ እጥፍ እንዳፈጠንኩት በኩራት አቀረብኩ። አንዲት አረጋዊት ሐኪም እጃቸውን አወጡና «በጣም ጥሩ። ቶሎ የመጣው መልስ ትክክል ነው ወይ?» አሉኝ። እኔ የለካሁት ፍጥነቱን እንጂ ትክክለኛነቱን አልነበረም። ሰውም ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ሥራው ምን እንደሚመስል አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። መድኃኒት ማለት በአብዛኛው አንድ ፕሮቲን ውስጥ ገብቶ የሚገጥም ሞለኪውል ነው፤ እንደ ቁልፍና ጓጉንቸር በሉት። ችግሩ ጓጉንቸሩ ዝም ብሎ አይቆምም፤ ይንቀጠቀጣል፣ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ይህን እንቅስቃሴ በኮምፒዩተር ለመከተል እያንዳንዷ አተም የት እንዳለች ደጋግሞ ማስላት ያስፈልጋል። እርምጃዋ ሁለት ፌምቶ ሰከንድ ያህል ናት። አንድን ሰከንድ ሚሊዮን ቢሊዮን ቦታ ብትከፍሉት አንዷ ክፍል ፌምቶ ሰከንድ ትባላለች። በዚህ እርምጃ የአንድ ሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛን ብቻ ለማየት 500 ሚሊዮን ጊዜ ማስላት አለባችሁ፤ ያውም ለመቶ ሺዎች አተሞች። ሱፐር ኮምፒዩተር ለምን እንደሚያስፈልግ ሲጠይቁኝ የምመልሰው ይህንን ነው።

በ2012 በቴነሲ ግዛት በኦክ ሪጅ ታይታን የተባለው ማሽን ሥራ ጀመረ። 18,688 ጂፒዩዎች ነበሩበት። እንዲህ ባለ ማሽን ላይ ሰዓት የሚገኘው ጥናት አቅርቦ፣ ከሌላው ጋር ተወዳድሮ ነው። የእኛም ቡድን ሰዓት አገኘና አዲስ ሥራ ያዝን። የሰውን ዲ.ኤን.ኤ አንብበን «ይህ መድኃኒት ለዚህ ሰው ይስማማዋል፣ ለዚያኛው ይበዛበታል» የሚል ትንበያ የሚሰጥ ፕሮግራም መሥራት ነበር ዓላማችን።

እንግዲህ ስህተቱ እዚህ ላይ ነው።

ጉበታችን ውስጥ መድኃኒት የሚፈጩ ኢንዛይሞች አሉ። ከእነሱ አንዱ ሲዋይፒ2ዲ6 ይባላል፤ በየቀኑ ከሚታዘዙት መድኃኒቶች ሩብ ያህሉን የሚነካ ነው። ኢንዛይሙን የሚሠራው ዘረ-መል ክሮሞዞም 22 ላይ ይገኛል። ጎኑ ላይ ደግሞ በጣም የሚመስለው፣ ግን የማይሠራ ሌላ ዘረ-መል አለ። ሁለቱ እንደ መንታ ስለሚመሳሰሉ ንባቡ እየተምታታ ያስቸግራል። ስለዚህ የተበላሸ ናሙና ወደ ስሌቱ እንዳይገባ ወንፊት መሥራት ነበረብን። ወንፊቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

አሠራሩ ቀላል ነበር። ዲ.ኤን.ኤ ሲነበብ እያንዳንዱ ቦታ ደጋግሞ ይነበባል፤ ሠላሳ ጊዜ ያህል እንበል። አንድ ሰው ከእናቱ አንድ፣ ከአባቱ አንድ፣ በድምሩ ሁለት ቅጂ አለው። እኔም «ያ ቦታ ከአርባ ጊዜ በላይ ከተነበበ የመንታው ንባብ ተቀላቅሎበታልና ይጣል» ብዬ አዘዝኩ። በጊዜው የነበሩን ናሙናዎች በሺዎች የሚቆጠሩ ነበሩ፤ አብዛኞቹም የአውሮፓ ዝርያ ካላቸው ሰዎች የተወሰዱ ናቸው። ወንፊቱ የጣለው ጥቂት ስለነበር ማንም ትኩር ብሎ አላየውም። ትንበያው አማረ። ጉባኤ ላይ ልናቀርበው ተመዘገብን።

በ2014 ፕሮግራሙን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ለመፈተሽ አዲስ ናሙና አስፈለገና የቡድኑ ሰዎች በፈቃደኝነት የራሳችንን ሰጠን። የሁሉም ውጤት ወጣ። የእኔ ብቻ «ጥራቱን ያላላ፤ ተጥሏል» የሚል ሆነ። ቱቦው ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ እንደገና ሰጠሁ። እንደገና ተጣለ። በሦስተኛው ቁጥሩን ራሱን ከፍቼ አየሁት። ያ ቦታ የተነበበው አርባ አምስት ጊዜ ነበር። ሂሳቡን እናንተም አሁን ልትሠሩት ትችላላችሁ። ሁለት ቅጂ ሠላሳ ጊዜ ከተነበበ፣ አርባ አምስት ጊዜ የሚነበበው ሦስት ቅጂ ነው። ናሙናዬ አልተበላሸም። እኔ ሦስት ቅጂ አለኝ። የገዛ እጄ የጻፈው ወንፊት እኔን ራሴን ቆሻሻ ብሎ አወጣኝ።

ያን ቀን ማታ ወንፊቱ የጣላቸውን ሁሉ አንድ በአንድ ዘረዘርኩ። ከእነሱ ውስጥ በቁጥር ካላቸው ድርሻ እጅግ በልጠው የተገኙት የአፍሪካ ዝርያ ያላቸው ሰዎች ነበሩ። ቀጥዬ የቆየ ጽሑፍ ሳገላብጥ በ1996 የታተመ ጥናት አገኘሁ። ዛሬ ፕሮፌሰር የሆኑት እሌኒ አክሊሉ ከካሮሊንስካ ባልደረቦቻቸው ጋር የሠሩት ነው። ካጠኗቸው ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው የዚህ ዘረ-መል ተጨማሪ ቅጂ ነበራቸው። በሰሜን አውሮፓ ይኸው ቁጥር አንድና ሁለት በመቶ ነው። ጥናቱ ታትሞ አሥራ ስምንት ዓመት ሆኖታል። ጽሑፉ አልተደበቀም፤ እኛ ነን ያልጠየቅነው። በዓለም ካሉት ፈጣን ማሽኖች በአንዱ ላይ እየሠራሁ፣ አንዲት የአገሬ ልጅ ከዓመታት በፊት ያገኘችውን ነገር ስህተት ነው ብዬ ስጥል ነበር።

ተጨማሪ ቅጂ ያለው ሰው ምን ይሆናል? በመድኃኒቱ ይለያያል። አንዳንዱን መድኃኒት ሰውነቱ ፈጥኖ ስለሚያጠፋው አይሠራለትም። ኮዴይን ግን ተቃራኒ ነው። ኮዴይን በራሱ ደካማ ነው፤ ሕመም የሚያስታግሰው ይህ ኢንዛይም ወደ ሞርፊን ሲለውጠው ነው። ኢንዛይሙ የበዛበት ሰው በትንሽ ክኒን ብዙ ሞርፊን ያገኛል፤ እንቅልፍ ይጥለዋል፣ ሲብስም ትንፋሹ ይዘገያል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ2013 ቶንሲላቸው በቀዶ ሕክምና ለወጣላቸው ሕፃናት ኮዴይን እንዳይሰጥ ጠንካራ ማስጠንቀቂያ አወጣ፤ በ2017 ደግሞ ከ12 ዓመት በታች ላለ ልጅ ጭራሽ እንዳይሰጥ አለ።

ይህን ሳነብ አንድ የሌሊት ስልክ ትዝ አለኝ።

በ2007 እናታችን ወድቃ እጇ ተሰበረና ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። ለሕመሟ ኮዴይን ያለበት ክኒን ታዘዘላት። በሁለተኛው ሌሊት እኅቴ ደወለችልኝ። «ወንድምዓለም፣ እማዬ አልነቃ አለችን። ትንፋሿ ደግሞ ይቆያል» አለችኝ። እኔ ከውቅያኖስ ማዶ ሆኜ ምን ላድርግ? ስልኩን ይዤ ተቀመጥኩ። እግዚአብሔር ይስጠው፣ ተረኛው ሐኪም በጊዜ ደርሶ ክኒኑን አስቆመ፤ በማግስቱ ነቃች። «ዕድሜ ነው፣ አቅሟ ደክሞ ነው» ተባለ፤ እኛም አመንን። ሐኪሙ ያዘዘው መጠን መጽሐፉ የሚለውን ነው፤ አልተሳሳተም። ችግሩ መጽሐፉ የማንን ሰውነት ለክቶ እንደተጻፈ ነበር።

እናታችን በ2011 በሌላ ሕመም አረፈች። አባታችን ከእሷ ቀድሟል። የእኔን ውጤት ካየሁ በኋላ እኅቴን ለምኜ ናሙና አስላክኋት፤ እሷም ሦስት ቅጂ አላት። ተጨማሪዋ ከእናታችን ትምጣ ከአባታችን ዛሬ የሚመሰክር የለም። እኔ ግን ያቺን ሌሊት አልረሳትም። እኅቴ አሁን ቦርሳዋ ውስጥ በአማርኛና በእንግሊዝኛ የተጻፈ ትንሽ ካርድ ይዛ ትዞራለች። «ኮዴይን አይሰጠኝ» ይላል። ሠላሳ ዓመት በኮምፒዩተር ደክሜ ለቤተሰቤ የጠቀምኩት ነገር ቢቆጠር ያቺ ካርድ ናት።

በማግስቱ ለቡድኑ ነገርኳቸው። አንድ ባልደረባዬ «ከሺዎች ውስጥ ጥቂት ናሙና ነው፤ አጠቃላይ ውጤቱን አይለውጠውም» አለ። በቁጥር ትክክል ነበር፤ አማካዩ አልተነቃነቀም። አማካዩ ግን ክኒን አይውጥም። ክኒኑን የምትውጠው አንዲት ሴት ናት። ከጉባኤው ጥናታችንን አወጣን፤ አብረውን ለሚሠሩት ሁሉ ስህተቱን ዘርዝሬ ጻፍኩላቸው። ወንፊቱን ጥለን ቅጂ የሚቆጥር አዲስ ዘዴ ሠራን፤ የተሰጠን የማሽን ሰዓት አልቆ ስለነበር እንደገና አመልክተን ስምንት ወር ዘገየን። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ከእጄ የሚወጣ ፕሮግራም ሁሉ ሁለት ዝርዝር ያወጣል፤ አንዱ ያስገባውን፣ ሌላው የጣለውን፤ ማንን እንደጣለና ለምን እንደጣለ ጭምር። ያን ግራፍ ያረሙልኝ መምህሬ ማለት የፈለጉት የገባኝ ከሃያ ሰባት ዓመት በኋላ ነው።

ይህ የእኔ ቡድን ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልነገርኳችሁ። በ2016 ኔቸር ላይ የወጣ አንድ ቆጠራ እንዳሳየው፣ በሽታን ከዘረ-መል ጋር ለማያያዝ በተሠሩ ትልልቅ ጥናቶች ውስጥ ከተሳተፉት ሰዎች 81 በመቶው የአውሮፓ ዝርያ ያላቸው ናቸው። የአፍሪካ ዝርያ ያላቸው 3 በመቶ ያህል ነበሩ። እንግዲህ ከዚህ በር ወጥታችሁ ጥቂት ብትራመዱ ብሔራዊ ሙዚየም ትደርሳላችሁ፤ የ3.2 ሚሊዮን ዓመቷ ድንቅነሽ እዚያ ናት። የዘረ-መል ልዩነት በዓለም ከሁሉ የሚበዛውም በዚሁ በአፍሪካ ነው። የሰው ዘር ታሪክ የሚጀመርበት ምድር ሰው በሰው ልጅ ጂኖም መዝገብ ውስጥ ሦስት በመቶ ሆነ ማለት ነው።

አሁን ወደ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ልምጣ፤ ተማሪዎቹ ይህንን እየጠበቁ መሆኑን አውቃለሁ።

በ2018 በኦክ ሪጅ የታይታን ተከታይ፣ ሰሚት፣ ተመረቀ። 27,648 ጂፒዩዎች ነበሩት። በአንድ ሰከንድ የሚሠራውን ስሌት ስምንት ቢሊዮን ሰው በሰከንድ አንድ አንድ ቢሠራ ዘጠኝ ወር ተኩል ይፈጅበታል። ኮሮና ሲመጣ፣ በ2020 መጀመሪያ ላይ የኦክ ሪጅ ተመራማሪዎች በዚህ ማሽን ከ8,000 በላይ ውህዶችን ከቫይረሱ ፕሮቲን ጋር አገጣጥመው 77 ብቻ ለይተው አወጡ። እኔ በዚያ ቡድን ውስጥ አልነበርኩም፤ ስሰማ ግን ልቤ ሞቀ። ሆኖም 77 ስም የያዘ ዝርዝር መድኃኒት አይደለም። ላብራቶሪ የሚፈትነው፣ ሐኪም የሚከታተለው፣ ፈቅዶ የሚሞክር ሰው ይፈልጋል። ማሽኑ የሚጠቅመው ድካሙን ከየት እንደምንጀምር ማሳየቱ ነው።

በዚያው ዓመት አልፋፎልድ የተባለው ፕሮግራም የፕሮቲንን ቅርጽ ከፊደሉ ብቻ ተነሥቶ በሚያስደንቅ ትክክለኛነት ተነበየ። በ2022 ከ200 ሚሊዮን በላይ ቅርጾች ለሁሉም ክፍት ሆኑ፤ በ2024 ሥራው የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸለመ። ይገባዋል። ነገር ግን ተማሪዎቼን ሁልጊዜ የምጠይቃቸው ጥያቄ አለ፤ ፕሮግራሙ ከምን ተማረ? መልሱ፣ ከ1971 ጀምሮ ሳይንቲስቶች በየላብራቶሪው አንድ በአንድ ለክተው በአንድ የጋራ መዝገብ ካስቀመጧቸው 170,000 ገደማ ቅርጾች ነው። አንዷን ቅርጽ ለማግኘት አንዳንድ ተማሪ የዶክትሬት ዘመኑን ጨርሶባታል። ሃምሳ ዓመት በትዕግሥት የተሰበሰበ መዝገብ ባይኖር ኖሮ ማሽኑ የሚማርበት አይኖርም ነበር።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ያየውን ያውቃል። ያላየውን ሲጠይቁት ደግሞ «አላየሁም» አይልም፤ ሳያፍር ይመልሳል። በአውሮፓውያን ዳታ የተሠሩ የበሽታ ሥጋት ትንበያዎች ለአፍሪካ ዝርያ ሰዎች ሲሰጡ ትክክለኛነታቸው በብዙ እጥፍ እንደሚወርድ በተደጋጋሚ ታይቷል። መልሱ የሚወጣበት ቁጥር ግን እኩል ያምራል። የእኔ ወንፊት ቢያንስ «ጥዬሃለሁ» ብሎኛል። የዛሬው ሞዴል አይጥላችሁም፤ ሌላ ሰው አስመስሎ ይቆጥራችኋል። ይህ ይብሳል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ሦስት ነገር ልበልና ልጨርስ።

አንደኛው ለመምህራን ነው። ሱፐር ኮምፒዩተር እስኪመጣ አትጠብቁ። እኔ ያገኘሁትን ስህተት ለማየት ያስፈለገኝ አንድ ላፕቶፕና አንድ ማታ ነው። የሚያስፈልገው የሚጠይቅ ሰው ነው። የኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪና የጥቁር አንበሳ የሕክምና ተማሪ አንድ የመመረቂያ ሥራ አብረው ቢሠሩ፣ በመካከላቸው ያለው መንገድ የአንድ ታክሲ ነው። ከእኔ ቡድን አንድ የጥቁር አንበሳ ሐኪም ቢኖር ኖሮ ያ ወንፊት አንድ ሳምንት አይቆይም ነበር።

ሁለተኛው ስለ ናሙናችን ነው። የእኛ ሰው ደም ወደ ውጭ ሄዶ፣ ትንታኔው እዚያ ተሠርቶ፣ ስማችን ምስጋና ላይ ብቻ የሚወጣበት ጊዜ ሊያበቃ ይገባል። ይህን ስል በሩን እንዝጋ ማለቴ አይደለም። የዘጋነው እንደሆነ ያው ሦስት በመቶ ሆነን እንቀራለን። ናሙናው ሲሄድ ተንታኙም አብሮ ይሂድ፤ ሰጪው ለምን እንደሚሰጥ በገዛ ቋንቋው ይረዳ፤ ውጤቱም ተመልሶ ይምጣ። በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ወጥቷል፤ ሥራው እንዲያምርበት የእናንተ እውቀት ያስፈልገዋል።

ሦስተኛው ውጭ ላለነው ነው። በየዓመቱ መጥተን ፎቶ ተነሥተን፣ ክትፎ በልተን እንመለሳለን። ጥሩ ነው፤ እኔም ክትፎውን አልተውም። ከዚህ ዓመት ጀምሮ ግን በየሴሚስተሩ ሁለት ተማሪዎችን ከሩቅ ሆኜ ለማማከር ለዲፓርትመንቱ ቃል ገብቻለሁ። በዚህ አዳራሽ ውስጥ ከእኔ የሚሻሉ ሐኪሞች፣ ስታትስቲሻኖችና ፕሮግራመሮች አሉ። ሰኞ ማታ አንድ ሰዓት ስጡ። ብዙ አይደለም። የደቦ ነገር ነው፤ የሚከብደው አንድ ሰው ብቻውን ሲይዘው ነው።

ሰሚት በ2024 ሥራውን ጨርሶ ተዘጋ። ታይታንም ከእሱ በፊት ተፈትቷል። ማሽን ብዙ ዓመት አይቆይም፤ የምታሠሩበትን ፕሮግራምም ቶሎ ጊዜ ያልፍበታል። ሳይሻር የሚቆየው በጥንቃቄ የተመዘገበ ዳታና በደንብ የተማረ ሰው ነው። እነዚህን ሁለቱን ማፍራት ደግሞ የዚህ ግቢ ሥራ ነው፤ እኔንም ያፈራኝ ይኸው ግቢ ነው።

ተማሪዎች፣ አበረታታልን ተብዬ ነበር። ከዚህ የበለጠ ማበረታቻ የለኝም፤ የዓለም ትልልቆቹ ማሽኖች ገና ስለ እናንተ ብዙ አያውቁም። ሥራው አላለቀም፤ ተርፏችኋል። ነገ ላብራቶሪ ስትገቡ ከመስመር የወጣች ነጥብ ካያችሁ ቶሎ አትጥሏት። ከጣላችኋትም ለምን እንደጣላችኋት ደብተራችሁ ላይ ጻፉ።